አንቲቫይረስ ስትቀይሩ አሮጌውን ከሥሩ ማውጣት

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ኮምፒውተር ላይ ያለ አንቲቫይረስን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በሌላ ስለመተካት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ኮምፒውተር የሚበላሸው፣ ፋይልም የሚጠፋው በዚሁ ሥራ መሃል ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የስደተኛነት ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃውንና የቤተሰቡን ፎቶ አንድ ፍላሽ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። እዚህ ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ውስጥ፣ ያ ፍላሽ ወረቀት ለማተም ወይም ፎርም ለማስሞላት ከአንዱ ሱቅ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይገባል። ካምፕ ውስጥም አንድ ላፕቶፕ የብዙ ሰው ነው። ስለዚህ የአንዱ ኮምፒውተር ጥበቃ ሲላላ ጉዳቱ ለባለቤቱ ብቻ አይደለም።

ሁለት አንቲቫይረስ ለምን አይሆንም?

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገራችን ሰው። ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለአንቲቫይረስ ግን አይሠራም። አንቲቫይረስ እንደ ሌላው ፕሮግራም ላይ ላዩን አይቀመጥም። ዊንዶውስ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ፣ አንድ ፋይል በተከፈተ ቁጥር መንገድ ላይ አስቁሞ ይፈትሻል። ሁለት ከሆኑ አንዱ ለመፈተሽ የከፈተውን ፋይል ሌላው ደግሞ አስቁሞ ልፈትሽ ይላል። ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይጠፋል። አንዱ ሌላውን ራሱን ቫይረስ ነው ብሎ የሚይዝበት ጊዜም አለ።

እንዲህ ያሉ የጥበቃ ፕሮግራሞች ምን ያህል ጠልቀው እንደሚገቡ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ነው። ክራውድስትራይክ የተባለ ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። በረራዎች ተሰረዙ፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተቸገሩ። ያ ሁሉ የመጣው ከቫይረስ ሳይሆን ከዘበኛው ነው።

ሌላው ችግር ቅሪት ነው። ከዊንዶውስ 8 (እ.ኤ.አ. 2012) ጀምሮ ዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ አለው፤ ዲፌንደር ይባላል። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኑ ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይተኛል፤ ያኛው ሲወጣ ደግሞ ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። አሮጌው በግማሽ ብቻ ከወጣ ግን ዊንዶውስ አሁንም ዘበኛ ያለ ሊመስለው ይችላል፤ ዲፌንደርም እንደተኛ ይቀራል። ዘበኛው ሄዷል፣ ኮቱ ግን በሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ ይህን በደንብ እዩ፤ ለሙከራ ብቻ የተጫነ፣ ጊዜው ያለፈበት አንቲቫይረስ ውስጡ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ፣ መቀየሩ ያስፈልጋል ወይ?

ለአብዛኞቻችን ሥራ ዲፌንደር ይበቃል። ነፃ ነው፣ ካርድም አይጠይቅም። የሚከፈልባቸው አንቲቫይረሶች ግን ብዙውን ጊዜ የባንክ ካርድና የየዓመት እድሳት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «መቀየር» ማለት አሮጌውን በትክክል አውጥቶ ዲፌንደርን ማስነሣት ብቻ ነው።

ከአቫስት ወደ ኤቪጂ ወይም ወደ ኖርተን የምትሄዱ ከሆነም አንድ ነገር እወቁ። አቫስት ኤቪጂን የገዛው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በ2022 ደግሞ ከኖርተን ባለቤት ጋር ተዋሐደ። አቪራም የዚሁ ኩባንያ ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ ባለቤቱ አንድ ነው።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ቤቶች በደንብ የሚታወቀው ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ሥራ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ያዘጋጁት በዋናነት ለፍላሽ ቫይረስ፣ ከሌላ አንቲቫይረስ ጎን እንዲሠራ ነው። ስለዚህ ስማዳቭን ብቻ ይዞ ዲፌንደርን ማጥፋት ጥበቃ አይባልም።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንዳቆመ አስታውሱ። የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ግን እስከ ጥቅምት 2028 እንደሚቀጥል ኩባንያው አሳውቋል።

ከማውጣታችሁ በፊት

1. ማን እየጠበቀ እንደሆነ እዩ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ክፈቱ፣ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» የሚለውን ተጫኑ። የተመዘገበው አንቲቫይረስ በስሙ ይወጣል።

2. የታሰሩ ፋይሎችን አጣሩ። አንቲቫይረስ የጠረጠረውን ፋይል ብዙ ጊዜ አይሰርዘውም፤ «ኳራንቲን» በሚባል ቦታ ያስረዋል። ፕሮግራሙን ስታወጡ የታሰረውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው ሰነዱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩን አንብቡ፤ የእናንተ የሆነ ሰነድ ካለ መልሱትና በሌላ አንቲቫይረስ አስፈትሹት። የማታውቁትን ፕሮግራም ግን አትፍቱ።

3. ዋና ዋና ሰነዶቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከገለበጣችሁ በኋላ ፍላሹን ንቀሉ።

4. የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድማችሁ አውርዱ። ከአምራቹ ገጽ ላይ ዳውንሎድ ስታደርጉ ሁለት ዓይነት ፋይል ታገኛላችሁ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ስትከፍቱት ግን ዋናውን ከኢንተርኔት ማውረድ ይጀምራል፣ የገዛችሁትንም ዳታ ይጨርሳል። ሌላው «ኦፍላይን ኢንስቶለር» ይባላል፤ ሁሉንም ይዟል። ኢንተርኔት ደህና የሆነበት ቦታ ሄዳችሁ ይህንን ትልቁን ያዙ። የአሮጌውን ማስወገጃ መሣሪያም አብራችሁ አውርዱ። ዲፌንደርን ለምትጠቀሙ ማይክሮሶፍት አዲሱን የቫይረስ መለያ ለብቻው በፋይል ያወጣል፤ በፍላሽ ወስዶ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል።

5. መብራት አስተማማኝ በሆነ ሰዓት ጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። በመሃል ከጠፋ የሚቀረው ያው ግማሽ ቅሪት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤት ወይም የድርጅት ከሆነ ኃላፊውን ሳትጠይቁ አትንኩ። የማስወገጃ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁም ያስቀመጠው ሰው ምክንያት አለው።

አወጣጡ

ኢንተርኔቱን ዝጉ። «ሴቲንግስ» ውስጥ «አፕስ» ግቡ፤ ዊንዶውስ 7 ከሆነ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ» ነው። አሮጌውን አንቲቫይረስ ፈልጋችሁ «አንኢንስቶል» በሉ። የሚያስፈራራ መልእክት ያወጣል፣ «እርግጠኛ ናችሁ?» ይላል፣ ቅናሽም ያቀርባል። አዝራሮቹን በጥንቃቄ አንብቡ፤ ትልቁና ደማቁ አዝራር ብዙ ጊዜ «ይቆይ» የሚለው ነው።

ዋናው ከወጣ በኋላ ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩ። አቫስት የራሱን ብራውዘር፣ ማካፊ «ዌብአድቫይዘር» የተባለውን፣ ካስፐርስኪ ደግሞ ቪፒኤኑን ለብቻ ይተዋሉ። እነሱንም አውጡና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ። ሪስታርት ካልተደረገ ማውጣቱ አላለቀም፤ ሥራ ላይ ያሉ ፋይሎች የሚሰረዙት ኮምፒውተሩ ዳግም ሲነሣ ነው።

አልወጣም ካለ፣ ወይም ስሙ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ» ውስጥ ከቀረ፣ የአምራቹ ማስወገጃ መሣሪያ ተራ ነው። አቫስት «አቫስት ክሊር»፣ ኤቪጂ «ኤቪጂ ክሊር»፣ ማካፊ «ኤምሲፒአር»፣ ኖርተን «ሪሙቭ ኤንድ ሪኢንስቶል»፣ ካስፐርስኪ «ካቭሪሙቨር»፣ ኢሴት ደግሞ «ኢሴት አንኢንስቶለር» አላቸው። ሁሉም ነፃ ናቸው። የአንዱ ለሌላው አይሠራም።

አቫስት፣ ኤቪጂና ኢሴት ይህን ሥራ በ«ሴፍ ሞድ» እንድትሠሩ ይመክራሉ። ሴፍ ሞድ ዊንዶውስ ለመነሣት የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሣበት መንገድ ነው፤ አንቲቫይረሱ ስለማይነሣ ራሱን መከላከል አይችልም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሺፍት»ን ይዛችሁ «ሪስታርት»ን ተጫኑ፤ ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን። ሥራው ሲያልቅ እንደተለመደው ሪስታርት ማድረግ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ የአንቲቫይረሱን ፎልደር በእጃችሁ አትሰርዙ፤ ማውጫው አብሮ ይሰረዝና ሥሩ ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛ፣ «ሬጂስትሪ» የሚባለውን ሳታውቁ አትነካኩ። እዚያ የተሳሳተ ነገር የሰረዘ ሰው ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ሊኖርበት ይችላል።

ወጥቷል ወይ? አዲሱስ ሠራ?

ከሪስታርት በኋላ «ማኔጅ ፕሮቫይደርስ»ን እንደገና ክፈቱ። የአሮጌው ስም መጥፋት፣ የዲፌንደር መነሣት አለበት። የምትፈልጉት ዲፌንደርን ከሆነ እዚህ ላይ ጨርሳችኋል። ሌላ የምትጭኑ ከሆነ አሁን ጫኑ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ኢንተርኔቱን ክፈቱና የቫይረስ መለያውን አሻሽሉ። ከዚያ «ፉል ስካን» አስጀምሩ፤ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ይህ ሳያልቅ የማንንም ፍላሽ አትሰኩ።

አዲስ ነኝ የሚል ሐሰተኛ

አንቲቫይረስ የሚቀይር ሰው አዲስ ፕሮግራም ፍለጋ ላይ ነው፤ ወጥመድ የሚዘረጋውም እዚያው ነው። «ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ ተገኝቶበታል» ብሎ ብራውዘር ላይ የሚዘል ማስታወቂያ ውሸት ነው፤ ዝጉት። ከመንደር የተገኘ «ክራክ» አንቲቫይረስም ሌባን ዘበኛ አድርጎ እንደመቅጠር ነው።

ይህ ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ላይ ደርሷል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው እንደነበር ገልጿል። ሊንኩ የቪዲዮ ገጽ ይመስላል፤ ቪዲዮውን ለማየት «አዶቤ ፍላሽን አሻሽሉ» ይላል፤ የሚጫነው ግን የስለላ ፕሮግራም ነበር። ከዚያ በፊት በየካቲት 2014 ይኸው ተቋም በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የተሞከረ ተመሳሳይ ጥቃት አጋልጧል። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ማሻሻያም ሆነ አንቲቫይረስ ከተላከላችሁ ሊንክ አይወሰድም። አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ከአምራቹ ገጽ ብቻ ውሰዱ።

ስለ ፍላሽና ስለ ስልክ

ፍላሽ ስትከፍቱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ «ሾርትከት» ሆነው ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ ፎርማትም አታድርጉ። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሉን አያጠፋም፤ ይደብቀዋል እንጂ። ሾርትከቱን ሳትነኩ መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። ከዚያ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ምረጡ። አሁንም ካልታየ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ላይ ያለውን ምልክት አንሡ። ሰነዶቻችሁ ሲወጡ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ፤ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድሮይድ ስልክ «ፕሌይ ፕሮቴክት» የሚባል የራሱ ጥበቃ አለው። ስልካችሁ ላይ ያለ የአንቲቫይረስ አፕ አልጠፋም ካለ፣ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲቫይስ አድሚን አፕስ» የሚለውን ፈልጉና የተሰጠውን ፈቃድ አንሡ፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም አፕ ይጠፋል።

ይህን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ አጠገብ ሆናችሁ ደረጃ በደረጃ ተከተሉት። ሰነድ ለሚያስቀምጥላችሁ ወይም ለሚያትምላችሁ ሰውም አሳዩት፤ የእናንተ ፍላሽ የሚሰካው እሱ ጋ ነውና።