ያለቀ ጎማ ለማን ነው?

ጎማ ስንገዛ ዋጋ እንጠይቃለን፤ መንገዱንስ? የጋይንት መንገድ እኮ ታሪክ አለው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነስተው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጎትተዋል። ገደሉ እየተደለደለ፣ ሕዝቡ በገመድ እየሳበ፣ ጉዞው ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ደንሎፕ በአየር ለሚነፋው ጎማ የፈጠራ መብት ያገኘው ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ነው!

ኋላ ጎማው ከነስሙ ከጣሊያን መጣልን፤ ጎሚስታውም እንዲሁ። ሲያልቅ ደግሞ አልተጣለም፤ በረባሶ ሆኖ የገበሬውን እግር ከእሾህ አዳነ።

እኛስ? ያገለገለ ጎማ በርካሽ ገዝተን ለሞተራችንና ለመኪናችን እናጠልቃለን። ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 3221 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2021፣ በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተሰነጠቀ ወይም ጥርሱ ያለቀ ከሆነም እለፉት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻውን አያቆምም፤ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ነው።

ያለቀውን ለበረባሶ ሠሪው ተዉለት። እሱ ያውቅበታል።