የጥፋት ውሃ፦ ዓለምን ያጥለቀለቀ ወይስ የሁለት ወንዞችን አገር?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1872 የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ስሚዝ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን በተገኙበት የለንደን ጉባኤ ላይ ከአንድ የሸክላ ጽላት ያገኘውን ታሪክ አቀረበ። ስሚዝ በወጣትነቱ የገንዘብ ኖት መቅረጽ የተማረ ሠራተኛ ነበር፤ የጥንቱን የአሦር ጽሕፈት ማንበብ የቻለው በራሱ ጥረት ነው። ጽላቱ የተገኘው ነነዌ ውስጥ ከንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ ኡትናፒሽቲም ስለሚባል ሰው ይተርካል። ሰውየው መርከብ ሠርቶ ቤተሰቡንና እንስሳቱን ያስገባል፤ ማዕበሉ ጸጥ ሲል መርከቧ ተራራ ላይ ታርፋለች፤ እሱም መጀመሪያ ርግብ፣ በመጨረሻም ቁራ ይለቃል። ኦሪት ዘፍጥረትን የሚያውቅ ሁሉ የኖኅን ታሪክ ማስታወሱ አልቀረም።

ጉዳዩ በቁፋሮ ሲፈተሽ ግን ሌላ መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1929 አርኪኦሎጂስቱ ሊዮናርድ ዉሊ በደቡብ ኢራቅ፣ በጥንታዊቷ የኡር ከተማ ጥልቅ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ የሸክላ ስብርባሪ የሞላበት አፈር በድንገት አበቃና ከ2 ሜትር በላይ ውፍረት ያለው ንጹሕ ደለል መጣ። ቆፋሪው ከዚህ በታች ምንም የለም ብሎ ነበር፤ ዉሊ ቀጥል አለው። ከደለሉ ሥር እንደገና ቀለም የተቀባ ሸክላና የድንጋይ መሣሪያ ወጣ። ባለቤቱ ካትሪን ይህ የጥፋት ውሃ ነው ስትል አላመነታችም።

ዉሊ ራሱ የደመደመው ግን የጤግሮስና የኤፍራጥስን ሸለቆ ስላጥለቀለቀ ታላቅ ጎርፍ ነበር። ከኡር ብዙም በማትርቀው ኤሪዱ እንዲህ ያለ ደለል አልተገኘም። በዚያው አገር በነበሩት በኪሽና በሹሩፓክ ከተሞች የታየው ደለል ደግሞ ከኡሩ በብዙ መቶ ዓመታት የሚዘገይ ነው። እነዚህ የአንድ ቀን ሳይሆን የተለያዩ ዘመናት ጎርፎች ናቸው። በጸደይ የአናቶሊያ ተራሮች በረዶ ሲቀልጥ ሁለቱ ወንዞች ይሞላሉ፤ አገሩ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ከወንዙ ከወጣ የሚያግደው የለም።

ምድርን ሁሉ ለመሸፈንስ ውሃው ከየት ይመጣል? በዓለም ያለው የበረዶ ግግር በሙሉ ቢቀልጥ ባሕሩ ከፍ የሚለው 70 ሜትር ገደማ ነው፤ የአራራት ተራራ ብቻውን ከ5,000 ሜትር በላይ ይረዝማል። ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ የወጣው በረዶም የ800,000 ዓመታት ንብርብሩን ሳይቋረጥ ይዟል። ዓለም አቀፍ ጎርፍ ቢያልፍበት ኖሮ እንዲህ ሆኖ አይቆይም ነበር።

ይህን መቀበል ሃይማኖትን መካድ አይደለም። በካምብሪጅ ሥነ ምድርን ያስተምር የነበረው ቄስ አዳም ሴጅዊክ፣ በየአገሩ የተበተነው ጠጠር የጥፋት ውሃ ቅሪት ነው ብሎ ያምን ነበር። ማስረጃው ሲያሳምነው ግን እ.ኤ.አ. በ1831 አቋሙን በአደባባይ ለወጠ፤ ቅስናውን ግን አልተወም።

በእኔ እምነት የኖኅ ታሪክ ክብደት ያለው በውሃው ስፋት ላይ ሳይሆን በምክንያቱ ላይ ነው። አትራሃሲስ በተባለው የባቢሎን ድርሰት አምላኩ ኤንሊል ጎርፍ የላከው የሰው ልጅ ጫጫታ እንቅልፍ ስለነሳው ነው። በዘፍጥረት ግን ምድር በግፍ ስለተሞላች ነው። ሙሉ ቅጂያቸው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የደረሰን መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌም ይህንኑ ያጸናሉ፤ ከውሃው በፊት የፈሰሰውን ደምና የበዛውን ዓመፅ በሰፊው ይተርካሉ። የጎርፍ ትዝታ የሁለቱ ወንዞች አገር የጋራ ሀብት ነበር፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ያንን ትዝታ ወስደው ለሰው ልጅ ፍትሕን የሚጠይቅ ታሪክ አደረጉት። ውሃው የደረሰበትን አፈር ይመስክር፤ ስለ ግፍ የቀረበው ክስ ግን ጎርፉ ሸለቆ ውስጥ በመቅረቱ አይቀልም።