አንድ ድምፅ ስንት ቁልፍ ይሸከማል?
የሳምፕለርና የድምፅ ድልድል ታሪክ

ኪቦርድ በተጫዋቹ ጣት ሥር ዋሽንት፣ ቫዮሊን ወይም መሰንቆ ሆኖ ሲሰማ አድማጭ የሚያደንቀው መሣሪያውን ነው። ከዚያ ድምፅ በስተጀርባ ግን ከዓይን የተሰወረ ሥራ አለ። ይኸውም የተቀዳውን ድምፅ መርጦ ለየትኛው ቁልፍ የትኛው ቅጂ እንደሚደርስ የመደልደል ሥራ ነው። ድልድሉ የመሬት ክፍፍልን ይመስላል፤ ወሰኑ በሚገባ ካልተሰመረ ጎረቤታሞች አይስማሙም።

ነገሩ የተጀመረው ኮምፒውተር ወደ ሙዚቃ ቤት ከመግባቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሃሪ ቻምበርሊን በቴፕ የተቀዳ ድምፅን በኪቦርድ የሚያጫውት መሣሪያ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዟ በርሚንግሃም የተሠራው ሜሎትሮን የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ኤም 400 የተባለው ዓይነት 35 ቁልፎችና ለእያንዳንዳቸው የተመደቡ 35 የቴፕ ክሮች ነበሩት። ቁልፉ ሲነካ ክሩ ይሮጣል፤ ከ8 ሰከንድ ገደማ በኋላ ያልቃል። በዚህ መሣሪያ የድልድል ጭንቀት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ተቀድቷልና። የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር ግን የአባላቱን እንጀራ ይነካል በሚል ስጋት መሣሪያውን በበጎ ዓይን አላየውም።

እ.ኤ.አ. በ1979 ፒተር ቮግልና ኪም ራይሪ የተባሉ አውስትራሊያውያን ፌርላይት የተሰኘውን ኮምፒውተር ለሙዚቃው ዓለም አቀረቡ። ድምፅ ከቴፕ ወጥቶ ቁጥር ሆነ። ይሁን እንጂ የኮምፒውተሩ ማኅደር ጠባብ ስለነበር አንዲት አጭር ቅጂ መላውን ኪቦርድ እንድትሸከም ተገደደች። ቅጂው በፍጥነት ሲነበብ ድምፁ ይቀጥናል፤ በዝግታ ሲነበብ ይወፍራል። አንድ ኦክታቭ ከፍ ለማለት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ በግማሽ ያጥራል። በዚህም ምክንያት ጎልማሳው ዘፋኝ ወደ ላይ ሲወጣ እንደ ሕፃን ይጮኻል፤ ወደ ታች ሲወርድ ከጉድጓድ የሚናገር ይመስላል። የሚለወጠው ኖታው ብቻ ሳይሆን የጉሮሮው ቅርጽ ያሳረፈው ማኅተም ጭምር ነውና።

መፍትሔው ኪቦርዱን በክልል መክፈል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኢሙሌተር ኪቦርዱን ለሁለት ከፍሎ ለግራና ለቀኙ የየራሱን ቅጂ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተከተለው ሁለተኛው ኢሙሌተር ክልሎቹን አበዛ። የጃፓኑ አካይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ኤስ 1000 ድምፅን በሲዲ ጥራት ቢቀዳም፣ አብሮት የሚመጣው ማኅደር 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ይህም ከ24 ሰከንድ ያነሰ ነጠላ ድምፅ ማለት ነው። 88 ቁልፎች ያሉት ፒያኖ በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ እንዲገባ የድልድል ባለሙያው እንደ ቆጣቢ እመቤት ማሰብ ነበረበት። ለየሦስቱ ቁልፍ አንድ ቅጂ ቢመድብ 30 ቅጂ ያስፈልገዋል፤ ለእያንዳንዱም የሚደርሰው ከ1 ሰከንድ በታች ነው።

ይህን እጥረት የሰበሩት ሶፍትዌሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ጊጋሳምፕለር የየቅጂውን መነሻ ብቻ በማኅደር ይዞ ቀሪውን ከሀርድ ዲስክ እያነበበ ማጫወት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከበርሊን ኮንታክት ተከተለ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ቅጂ፣ ለለስላሳና ለኃይለኛ ምት ደግሞ የተለያየ ቅጂ መስጠት ቀላል ሆነ።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ግን ቦታ መብዛቱ ብቻውን በቂ አይደለም። አርቲስት ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ከቀሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው አልበም ቀርጸዋል። ያ መሣሪያ ሳምፕለር ባይሆንም አንድ ሰው የባንድን ሥራ ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል። የክራርና የመሰንቆ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ክራር በጆሮ የሚቃኝ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ደግሞ የየራሳቸው ርቀት አላቸው። ኪቦርዱ በበኩሉ ኦክታቭን በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ይከፍላል። ቅጂዎቹ ወደዚያ እኩል ሚዛን ሲስተካከሉ ቃኚው አውቆ ያሳነሳት ወይም ያስረዘማት ርቀት እንደ ስሕተት ተቆጥራ ትጠፋለች። የመሰንቆም ነፍስ ከኖታ ወደ ኖታ በሚንሸራተተው ጣት ላይ ነው፤ ቁልፍ ግን በወሰን የተከለለ ነው።

መሣሪያው ራሱ ይህን አይከለክልም። ሳምፕለር የአንድን ግማሽ ድምፅ መቶኛ ያህል እንኳ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳል፤ ለየቅኝቱ የተለየ ድልድል ማዘጋጀትም ይቻላል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ጆሮ ነው። ወሰኑን የሚያሰምረው ሰው አንቺ ሆዬን ከአምባሰል ለይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ከእርሱ ድልድል የሚማር ወጣት የክራርን ድምፅ ያገኛል እንጂ የክራርን ቅኝት አያገኝም። የቃኚዎች ቦታ እንግዲህ ከማይክሮፎኑ ፊት ብቻ ሳይሆን ድልድሉ ከሚሠራበት ጠረጴዛ አጠገብም ነው።