ትልቅ ሰው ለምን ይሮጣል? ከጨፋ ሸለቆ እስከ መስቀል አደባባይ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንዲት ጥያቄ ናት። የጠየቁኝም የታሪክ ሊቅ ሳይሆኑ በጨፋ ሸለቆ ከብት የሚያግዱ አንድ አዛውንት ናቸው። ሃምሳ ሁለተኛ ዓመቴን እንደያዝሁ ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ ፊቱ ጠቆረብኝ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ልጠይቅ ወደ ከሚሴ በወረድሁ ቁጥር ጎሕ ሲቀድ በቦርከና ወንዝ ዳር ሶምሶማ መሮጥ ጀመርሁ። አዛውንቱ ከሩቅ አይተውኝ በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁኝና ስደርስ፣ «ኸይር ነው ወይ ልጄ? ማን ሞተ?» አሉኝ። «ኸይር ነው አባባ፤ ለጤናዬ ብዬ ነው» አልኋቸው። መልስ አልሰጡኝም። ወደ መጣሁበት አቅጣጫ ግን ደጋግመው ተመለከቱ፤ የሚያሳድደኝ እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስለኛል።

ትስቃላችሁ፤ እኔም ያን ዕለት ሥቄአለሁ። ኋላ ላይ ነገሩን እንደ ታሪክ መምህር ሳስበው ግን አዛውንቱ ትክክል ነበሩ። በኖሩበት ዘመንና ባደጉበት ሥርዓት፣ ልጅነትን ያለፈ ሰው የሚሮጠው ከሦስት ነገሮች በአንዱ ነበር፤ መርዶ ሲያደርስ፣ እሳት ወይም ሌባ ሲነሣ፣ ጦር ሲመጣ። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ ከዘመዶቼ መካከል ልጅ አዝለው የሮጡ አሉ። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ ያለ ምክንያት ሲሮጥ ማየት ለተመልካቹ ቀልድ አይደለም።

ከዚህም ጠለቅ ያለ ነገር አለ። በቀደመው ዘመን ሩጫ የማዕረግ ምልክት ነበር፤ ምልክትነቱ ግን ለዝቅተኛው ነው። ጌታው በበቅሎ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አሽከሩ ጠመንጃውን ተሸክሞ ከጎኑ ይሮጣል። የአገራችንን መኳንንት በጉዞ ላይ ያዩ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን በተደጋጋሚ ጽፈውታል። በነገራችን ላይ ዛሬ ለዝግታ ሩጫ የምንጠቀምበት «ሶምሶማ» የሚለው ቃል የፈረስና የበቅሎ አካሄድ ስም ነው። ለአንድ የወሎ ሽማግሌ፣ ሶምሶማው የእንስሳው ሥራ ነው፤ የእርሱ ሥራ ኮርቻ ላይ መቀመጥ ነው። ዕድሜ ሲጨምር እርምጃ መቀነስ ክብር ነበር። የሚያስታርቅ፣ የሚመርቅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገር የሚያዳምጥ ሰው አይቸኩልም።

ይህ ማለት አካሉ ድካም የማይችል ነበር ማለት አይደለም። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡ። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው ከየአቅጣጫው ለዚያ ገበያ በእግሩ ሲጓዝ ኖሯል። በበጋ ደግሞ ከአጎራባች ወረዳዎችና ከአፋር በኩል ከብት እየነዱ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርዱ አርብቶ አደሮች የሚሸፍኑትን ርቀት ከእናንተ መካከል የሚችለው ጥቂት ነው። ጉልበቱ ነበረ። ያልነበረው «ለመዝናናት» የሚለው ምክንያት ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ ሲያሸንፍ የሩጫ ማዕረግ ተለወጠ። ሆኖም አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ማሞ ወልዴም እንዲሁ። ሩጫ ከአሽከሩ ወደ ወታደሩ ተሸጋገረ እንጂ ወደ ተራው ጎልማሳ አልደረሰም። ማሞ በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ በሙኒክ ማራቶን ሦስተኛ ሲወጣ የ40 ዓመት ሰው ነበር፤ ያም ዕድሜ እስከ ዛሬ እንደ ተአምር ይወሳል። በአርባ መሮጥ ተአምር ከሆነ በሃምሳ መጀመር ምን ሊባል ነው?

በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ቢል ባወርማን የተባለው ታዋቂ አሜሪካዊ የሩጫ አሠልጣኝ ወደ ኒው ዚላንድ ሄደ። ዕድሜው 51 ነበር። በዚያ አርተር ሊዲያርድ ከአቋቋመው የሶምሶማ ቡድን ጋር ወጣና ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ልባቸውንም ታመው የነበሩ አንድ ሰው ጥለውት ሄዱ። ሲያሠለጥን የኖረው ሰው ራሱ መሮጥ እንደማይችል ያወቀው ያን ዕለት ነው። አገሩ ተመልሶ ጎረቤቶቹን መሮጥ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1967ም ከአንድ የልብ ሐኪም ጋር ስለ ሶምሶማ ሩጫ መጽሐፍ አሳተመ። እኔ ይህን ታሪክ የምወድደው ስለ ማፈሩ ነው። አካሌን በ52 ዓመቴ ቦርከና ዳር ስፈትን ሁለት የስልክ እንጨት ያህል ሮጬ ስቆም ያጽናናኝ እርሱ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ተካሄደ፤ ለ10 ሺህ ሰዎች ቦታ ነበረው። ዛሬ ቁጥሩ ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ቅድሚያ ለሴቶች የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ተጀመረ። እነዚህ ሩጫዎች መሪ ቃል አላቸው፤ መልእክቱም በቲሸርት ላይ ይታተማል። ብዙ ተመልካች መልእክቱን እንደ ጌጥ ያየዋል። የዛሬው ክርክሬ ይህ ነው፤ መሪ ቃሉ ጌጥ አይደለም። ትልቅ ሰው በአደባባይ እንዲሮጥ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። «ለራሴ ደስታ እሮጣለሁ» ማለት ያሳፍረው የነበረ ጎልማሳ «ስለ ሕፃናት፣ ስለ እናቶች እሮጣለሁ» ሲል ክብሩ አይነካም፤ እንዲያውም ሽምግልናው ይጨምራል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በፑንጃብ ገጠር ተወልደው እንግሊዝ አገር የኖሩት ፋውጃ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 የለንደን ማራቶንን ሲሮጡ ፓስፖርታቸው 89 ዓመት ይላል። የሮጡትም ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። እርሳቸውም ልክ እንደኛ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ከሚሄድበት ማኅበረሰብ የመጡ ሰው ነበሩ።

የራሴን ማስረጃ ላቅርብ፤ ደካማ ማስረጃ መሆኑን አልክድም። በ53 ዓመቴ አዲስ አበባ ሄጄ 10 ኪሎ ሜትሩን ከሰው ማዕበል ጋር ፈጸምሁ። ሩጫ አልለውም፤ ግማሹ እርምጃ፣ ግማሹ ጭፈራ ነው፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሳንባዬ የቆላ ልጅነቴን አስታውሶኛል። በሚቀጥለው ጉዞዬ ያንኑ ቲሸርት ለብሼ ጨፋ ወረድሁ። አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው ቆመው ጠበቁኝ። ደረቴ ላይ ያለውን ጽሑፍ አብሯቸው ያለው የልጅ ልጃቸው እንዲያነብላቸው አዘዙት። ስለ ሕፃናት የሚል ነበር። «እንዲህ አትለኝም ነበር?» አሉኝና መንገድ ለቀቁልኝ። ሰውነቱ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ መንገዱ ያው ነው፤ የተለወጠው ምክንያቱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ሆኗል። ቲሸርቱ የመመዝገቢያ ዋጋ አለው፤ ከመልእክቱ ጎን የድርጅቶች አርማ ይደረደራል፤ አንዳንድ ጊዜ የቱ መልእክት፣ የቱ ማስታወቂያ እንደሆነ ይጠፋል። ከኅዳር 2011 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ የሚከፈቱበት «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ያለ ክፍያ የሚሮጥበትን ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ እኔ በዚህ በኩል የበለጠ ተስፋ አያለሁ። ከዚህም የሚብሰው የሴቶቹ ነገር ነው። በእኛ ሸለቆ ከሃምሳ በላይ የሆነች እናት ውኃና እንጨት ተሸክማ ከማንኛችንም በላይ ትጓዛለች። «ኑ ሮጡ» ስንላት የምትሰጠውን መልስ እኔ ቀድሜ ልነግራችሁ አልደፍርም፤ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ሄዳችሁ ጠይቃችሁ፣ ቀርጻችሁ አምጡልኝ።

አዛውንቱ ባለፈው መስከረም፣ ሣሩ ወገብ ደርሶ ሳለ፣ አዲስ ጥያቄ ጠይቀውኛል። ረግረጉን በእጃቸው እያሳዩ፣ «ለዚህስ የሚሮጥ አለ ወይ?» አሉኝ። ውኃው ከልጅነታቸው ጊዜ እየራቀ እንደ ሄደ ነገሩኝ። «እስካሁን የለም አባባ» አልሁ። «እንግዲያው ቲሸርቱን ሲያሠሩ ለእኔም አንድ አስቀርልኝ፤ ሰፋ ያለ ይሁን» አሉኝ።