ከጣና ዋሻ እስከ አምቦ ፍልውሃ፦ ካናቢስ፣ ምረንዝና የልብ መድኃኒት በመዛግብት ሚዛን

ካናቢስ ከጥንት ጀምሮ የአገራችን መድኃኒት ነበር፤ ከእርሱ የሚወጣው ዘይትና ንጥርም ለልብ ጤና ይበጃል የሚለው አባባል በዘመናችን ደጋግሞ ይሰማል። በዚህ አባባል ውስጥ ግን ለየብቻ መመርመር ያለባቸው ሁለት ነገሮች ተቋጥረዋል። አንደኛው የታሪክ ነው፤ ማስረጃው በዋሻ አፈር፣ በብራናና በአዋጅ ይፈለጋል። ሁለተኛው የሕክምና ነው፤ ማስረጃው በቤተ ሙከራና በሕሙማን ላይ በሚደረግ ክትትል ይፈተናል። አንድ ዕፅ ጥንታዊ ስለሆነ ፈዋሽ ነው ማለት አይቻልም፤ ዛሬ ሕግ ስለከለከለውም ጥቅም የለውም ተብሎ አይደመደምም። ምርመራችንን በምዕራብ ሸዋ ላይ የምናሳርፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችው አምቦ፣ ከአዲስ ዓለም እስከ ጊንጪና ጉደር ባለው መንገድ ዙሪያ ካሉት ከተሞች ጋር፣ የፈውስ ስም ከተከሉ የመካከለኛው ኢትዮጵያ ሥፍራዎች አንዷ ናት። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን።

ቀደምት የሚባለው ቁሳዊ ማስረጃ ከሸዋ ርቆ ይገኛል። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው የላሊበላ ዋሻ፣ ይኸውም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ካሉበት ከተማ ጋር መምታታት በማይገባው ሥፍራ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ጆአን ዶምብሮቭስኪ ባካሄዱት ቁፋሮ ከሸክላ የተሠሩ የማጨሻ ጋያ ራሶች ተገኙ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ በ1975 ባወጡት የኬሚካል ጥናት ከእነዚህ በሁለቱ ላይ የካናቢስ ቅሪት መኖሩን አስታወቁ፤ ዘመናቸውም 1320 ሲሆን ወደፊትም ወደኋላም 80 ዓመት ሊዛነፍ እንደሚችል ተነገረ። ይህ ስፋት ከይኩኖ አምላክ መንገሥ ጥቂት ቀደም ካለው ጊዜ ተነሥቶ ዐፄ ዐምደ ጽዮንን አልፎ እስከ ዐፄ ዳዊት ዘመን ይደርሳል። ትንባሆ ከአሜሪካ ወደ አሮጌው ዓለም የተሻገረው ከ1492 በኋላ በመሆኑ፣ ግኝቱ በአፍሪካ ማጨስ ከትንባሆ ጋር የመጣ ነው የሚለውን አስተያየት በብርቱ ተፈታትኗል።

የግኝቱን ክብደት ሳንቀንስ ወሰኑን ማመልከት ይገባናል። የካርቦን ቆጠራ የሚነግረን ጋያው የተገኘበትን የአፈር ንጣፍ ዕድሜ እንጂ የጋያውን አይደለም፤ ሰውም ከብትም ሲመላለስበት በኖረ ዋሻ ውስጥ ትንሽ ዕቃ ከላይኛው ንጣፍ ወደ ታችኛው ሊወርድ ይችላል። የዚያን ጊዜው የምርመራ ስልት የንጥረ ነገሩን ወገን ቢለይም ዛሬ ካለን መሣሪያ ጋር የሚስተካከል አልነበረም። እነዚህን ጥርጣሬዎች ሁሉ ወደ ጎን ብንተው እንኳ፣ ጋያው የሚመሰክረው ስለ ጭስ ነው። ያጨሰው ሰው ሕመም ይኑርበት አይኑርበት፣ ከሕመሙም ይሻለው አይሻለው ከሸክላ ላይ አይነበብም። ከሁለት የጋያ ራሶች ተነሥቶ ብሔራዊ የመድኃኒት ቅርስ የሚያውጅ ጸሐፊ ማስረጃውን ከሚችለው በላይ አሸክሞታል ብለን እናምናለን።

ወደ ጽሑፍ ምንጮች ስንሻገር ሌላ ችግር ይገጥመናል። ማርሴል ግሪዮል በ1930 ያሳተሙት የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍና ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እና በ1973 በሁለት ቅጽ ያወጡት ሰፊ ጥናት፣ የአገራችን ሊቃውንት ስለ ዕፅዋት የነበራቸውን ዕውቀት ጥልቀት ያሳያሉ። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለደረት ወይም ለልብ ሕመም የታዘዘን መድኃኒት ዛሬ የልብ ደም ሥር መጥበብ ወይም የደም ግፊት ከምንለው ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ አይቻልም፤ ግፊት የሚለካበት መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ ምልክት ለጨጓራም፣ ለሳንባም፣ ለጭንቀትም ሊሆን ይችላልና። የዕፁ ማንነትም እንዲሁ ያጠራጥራል። ዕፀ ፋርስ በአንዳንዱ ሰው አፍ ካናቢስን ሲያመለክት፣ በዕፅዋት ጥናቶች ግን በአብዛኛው አስተናግርን ያመለክታል። አስተናግር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የያዘ፣ የልብን ምት የሚያፈጥንና ከመጠን ካለፈ የሚገድል ፍጹም ሌላ ተክል ነው። ስለዚህ አንድ ምንጭ ዕፀ ፋርስን ቢጠቅስ፣ ቅጠሉንና ፍሬውን ካልገለጸ በቀር፣ ለካናቢስ ምስክር አድርገን ልንጠራው አንችልም።

በምዕራብ ሸዋ በኩል የፈውስ ዝና የተመሠረተው በውሃ ላይ ነው። የአምቦ ፍልውሃ ሕሙማንን ከሩቅ ይጠራ ነበር፤ ከ1930 ጀምሮም ማዕድናዊው ውሃ በጠርሙስ እየታሸገ ስሙን በአገሩ ሁሉ አዳርሷል። ለልብ ያለው ጠቀሜታ ግን በዝናው ልክ አይደለም፤ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ያለበት በመሆኑ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሲጠጣው ከጨው አወሳሰዱ ጋር አብሮ ሊያስበው ይገባል። በዚያው አካባቢ፣ በአዲስ ዓለም፣ ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ መናገሻ ማነጽ ጀምረው ነበር። በኋላም በአገራችን የደም ሥር ሕመም ታሪክ ብዙ የተጻፈላቸው ታማሚ እርሳቸው ሆኑ። ምንጮቹ ሽባ ያደረጋቸው የአንጎል ምት ስለጀመረበት ዓመት አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ 1906ን፣ ሌሎቹ 1908ን ይሰጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጠበል ፍለጋ ደብረ ሊባኖስ ወረዱ፤ የውጭ አገር ሐኪሞችም ተፈራረቁባቸው። በ1909 ከጀርመን የመጡት ሐኪም ሽታይንኩለር የመመረዝ ጥርጣሬ ሲያነሡ ቤተ መንግሥቱ ታወከ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 አረፉ። ከዘመኑ የሕክምና ሁኔታ አንጻር ጥርጣሬው የሚያስገርም አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ የሚሆነውን ማየት በማይቻልበት ጊዜ ድንገተኛ ሽባነት ከመርዝ ጋር መያያዙ የብዙ አገር ቤተ መንግሥቶች ታሪክ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ቁም ነገር፣ አገሪቱ ያላት ፈውስ ሁሉ በተፈለገበት በዚህ ሕመም ገናና ሆኖ የሚታየው ጠበልና የውጭ ሐኪም መሆኑ ነው።

ከኢትዮጵያና ከአጎራባቾቿ ምድር ተነሥቶ በእርግጥ ወደ ልብ ሕክምና የገባ ዕፅ አለ፤ እርሱም ካናቢስ አይደለም። በአማርኛ ምረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው ቁጥቋጦ ከሰሜኑ ደጋ እስከ ሸዋና ሐረር በደረቅ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። የበሰለ ፍሬው ይበላል፤ ቅርፊቱና እንጨቱ ግን በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ዘንድ ለፍላጻ የሚቀባ መርዝ ይቀቀልበት ነበር። በዕፅዋት ሳይንስ የሺምፐርን ስም መያዙ፣ ከ1837 ጀምሮ ኢትዮጵያ ተቀምጦ በ1878 ዐድዋ ላይ የሞተው ጀርመናዊ ዕፅ ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር ናሙናውን ወደ አውሮፓ በመላኩ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ከሶማሌ ምድር ከተወሰደ የመርዝ እንጨት ዋባይን የተባለውን ንጥር ለየ። ያ እንጨት በጊዜው የተለየ ዝርያ ተደርጎ ቢቆጠርም የኋላ የዕፅዋት ሊቃውንት ከምረንዝ ጋር አንድ አድርገውታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማንኛውም የዕፅ ንጥር መለኪያ ሊሆን የሚገባው ሂደት ነው። አልበርት ፍረንክል በ1906 ስትራስቡርግ ላይ የዚሁ ወገን የሆነውን ስትሮፋንቲን በደም ሥር መስጠት ጀመሩ፤ ዋባይንም በጀርመንና በፈረንሳይ ለደከመ ልብ ለብዙ ዓመታት ታዘዘ። በ1957 የንስ ስኩ ሶዲየምንና ፖታሲየምን በሕዋስ ግድግዳ የሚያሻግረውን ፓምፕ ሲያገኙ፣ ይህንኑ ፓምፕ የሚገታው ዋባይን ዋና የምርመራ መሣሪያ ሆነ፤ ግኝቱም በ1997 የኖቤል ሽልማት አስገኘ። ፓምፑ ሲገታ በልብ ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም ይበዛል፣ ምቱም ይበረታል፤ መጠኑ ጥቂት ካለፈ ያው ልብ ይዛባና ይቆማል። ልብ በሉ፤ አዳኙ ያወቀው የመርዙን ኃይል ነበር፤ መድኃኒትነቱ የተገኘው ንጥሩ ተለይቶ፣ በሚዛን ተመዝኖ፣ የሚያድነውና የሚገድለው መጠን ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ከታወቀ በኋላ ነው። ጠባብ በሆነው በዚህ ልዩነት የተነሣም ዛሬ ከመደበኛው ሕክምና ወጥቷል።

ካናቢስ በበኩሉ በኢትዮጵያ መዛግብት ይበልጥ የሚታየው በሕግ በኩል ነው። የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ናርኮቲክ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትንና ማዘዋወርን ከለከለ፤ አገሪቱ በ1965 የ1961ዱን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀበለች፤ የ2004ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 ክልከላውን አጸና። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 ሻሸመኔ ላይ መሬት ከሰጡ በኋላ የሠፈሩት ራስ ተፈሪያውያን ለዕፁ የሚሰጡት መንፈሳዊ ክብር ከካሪቢያን ይዘውት የመጡት ነው፤ ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች ግን ይህን ከኢትዮጵያ የራሷ ትውፊት ጋር ይደባልቁታል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ኮሚሽን ካናቢስን በ27 ድምፅ ለ25 ከ1961ዱ ስምምነት ጥብቅ ሠንጠረዥ አወጣ። ይህ ውሳኔ ለምርምር በር ከፈተ እንጂ ለልብ ይበጃል ብሎ አልመሰከረም።

ታዲያ የሕክምናው ማስረጃ ምን ይላል? በዕፁ ውስጥ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች አእምሮን የሚያሰክረው ቲኤችሲና የማያሰክረው ካናቢዲዮል ለየብቻ መታየት አለባቸው። ቲኤችሲ የልብን ምት ያፈጥናል። ካናቢዲዮልን በተመለከተ፣ በ2017 በወጣ የእንግሊዝ ሙከራ 600 ሚሊግራም አንድ ጊዜ የወሰዱ ጤነኛ ወንዶች የላይኛው የደም ግፊታቸው በአማካይ 6 ነጥብ ዝቅ አለ፤ ተስፋው በዋናነት የተነሣው ከዚህ ነው። የሙከራው ተሳታፊዎች ግን 9 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 በ26 ወንዶች ላይ ለ7 ቀን በተደገመ ጥናትም በዕረፍት ጊዜ የሚለካው ግፊት ላይ የታየው ቅነሳ አልዘለቀም። በተቃራኒው በኩል፣ በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ማሪዋና ባጨሱ ሰዎች ላይ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት የድንገተኛ የልብ ጥቃት አደጋ 4.8 እጥፍ እንደሚጨምር አመለከተ። እዚህም ፍትሐዊ መሆን ይገባናል፤ ከ3,882 ሕሙማን በዚያች ሰዓት ውስጥ ያጨሱት 9 ነበሩና ቁጥሩ በቀጭን መሠረት ላይ የቆመ ነው። በ2024 ከ430,000 በላይ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት በየቀኑ የሚጠቀሙት የድንገተኛ የልብ ጥቃት ዕድላቸው 25 በመቶ፣ የአንጎል ምት ዕድላቸው 42 በመቶ ከፍ ብሎ ማግኘቱ ሥጋቱን አጠንክሮታል። ይሁን እንጂ ይህ ጥናት በአንድ ጊዜ የተጠየቁ ሰዎችን መልስ ያነጻጸረ በመሆኑ መንሥኤን በራሱ አያረጋግጥም፤ ከዕፁ ተጠቃሚዎችም አብዛኞቹ የሚያጨሱት ስለነበሩ ለካናቢዲዮል ዘይት በቀጥታ አይጠቀስም። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ንጹሕ ካናቢዲዮልን ያጸደቀው ለተወሰኑ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው፤ ለልብ የጸደቀ የለም።

እነዚህ ሁሉ ጥናቶች የተደረጉት ልቡ ከምዕራብ ሸዋ ገበሬ ልብ በተለየ ሁኔታ በሚታመም ሕዝብ ላይ መሆኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት ታይቶባቸዋል፤ ይህ ከሌላው ዓለም ጋር የምንጋራው ሕመም ነው። የወጣቶቻችንን ልብ በብዛት የሚጎዳው ግን በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚነሣው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ድርጅትም ከ1989 ጀምሮ ሲታገል የኖረው በአብዛኛው ከዚህ በሽታ ጋር ነው። የጠበበን የልብ በር ካናቢዲዮል አይከፍትም፤ በየወሩ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ግን ጉዳቱ እንዳይደጋገም ይከላከላል። ሰው ሠራሽ የልብ በር የተተከለለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ካናቢዲዮል ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን ኤንዛይም ይገታል፤ በዚህም የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ከአምቦ ወይም ከጊንጪ ተነሥቶ ለደም ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ የሚመላለስ ሕመምተኛ ከሰው እጅ ያገኘውን ዘይት ለልቡ ብሎ ቢወስድ፣ አደጋው የሚታወቀው በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው፤ ለሐኪሙ አስቀድሞ ከነገረ ግን የደም ምርመራው ቀን ቀርቦለት የዋርፋሪኑ መጠን ሊስተካከል ይችላል።