ተቀበል የማይሉት አዝማሪ

አጎቴ የመጀመሪያዋን ሬዲዮ ከጎንደር ገዝቶ ወደ ዳባት የወሰዳት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው አሉ። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሬዲዮዋ መደብ ላይ ተቀመጠች፤ ቁልፏ ተጠመዘዘ። ሰው በሌለበት ሰው ሲናገር የሰማው የቤቱ ውሻ እየጮኸ መጣና ዕቃዋን ካልነከስሁ አለ። ቤቱ በሣቅ ሲፈርስ፣ ጨዋታ አዋቂው አያቴ፣ «ኧረ ተዉት! ከእኛስ እሱ ይሻላል፤ እሱ እንኳ መለሰለት» አሉ ይባላል።

ይቺን ጨዋታ ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ። ሁልጊዜም እንስቅባታለን። ዘንድሮ ግን ቁም ነገር ሆና ታየችኝ። አፍ እንጂ ጆሮ የሌለው ዕቃ ጎንደሬ ቤት ሲገባ ምን ሆነ? የሰማውስ ሰው መልሱን በምን ሰጠ?

የጎንደር ታሪክ ሲነሣ ምላሳችን የሚሮጠው ወደ ግንቡ ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ቆረቆሩ፣ እገሌ አሠራ፣ እገሌ ነገሠ። እሺ ይሁን! ግን በዚያው ግቢ ውስጥ የዘፈን ቤት የሚባል ሕንፃ እንዳለ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ያሠራው እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሠው ሣልሳዊ ዳዊት ነው፤ በዘፈን ወዳድነቱም «ዘፋኙ» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። እንግዲህ ሙዚቃ በጎንደር የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ድንጋይ ተጠርቦ፣ ኖራ ተቦክቶ ቤት የተሠራለት ነገር ነው።

የሰፊው ሕዝብ የዘፈን ቤት ግን ጠላ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ነበር። እዚያ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል። አዝማሪ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያዜም ሰው አይደለም። አንዱ ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በዜማ ተቀብሎ ለቤቱ ያሰማል። ገጣሚው ሰሚው ነው ማለት ነው። ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ዘለፋ ሊሆን ይችላል፤ ሹሙም እዚያው ተቀምጦ ድርሻውን ያገኛል። የተነካው ሰው ደግሞ በተራው «ተቀበል!» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ጆሮና አፍ ያለው ሥርዓት ነበረን።

ከዚያ መኪናው መጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። የኢትዮጵያ ዘፈን ከዘፋኙ አፍ ተለይቶ ብቻውን መሄድ ጀመረ። በዚያ ዘመን የአንድ የእንግሊዝ ሸክላ አሳታሚ ማኅበር ምልክት ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? በግራማፎን ጡሩምባ ፊት ቁጢጥ ብሎ የጌታውን ድምፅ የሚያዳምጥ ውሻ! የዚያ አገር ውሻ ጭራውን ሰብስቦ ያዳምጣል፤ የዳባቱ ግን ጮኸ።

ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በፋሺስት ወረራ ዋዜማ፣ አቃቂ ላይ ሥራ ጀመረ። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ በቆየባቸው ዓመታት ፒያሳ ላይ ሲኒማ ቤት ሳይቀር ሠርቶ ነበር፤ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድል ተመትቶ ሲወጣ ሲኒማው ቀረ። ለገጠሩ ግን ነገሩን ሁሉ የለወጠችው ትራንዚስተር ናት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለገበያ የወጣችው ይቺ ዕቃ ኤሌክትሪክ አትጠይቅም፤ ድንጋይ ካገኘች ወገራ ሆነ ስሜን ተራራ ጫፍ ላይ ትናገራለች። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ነፍስ ሲዘራ ይመለሳል። ሬዲዮዋ ዳንቴል ትለብሳለች፤ ከፍ ካለ ቦታ ትቀመጣለች፤ ልጅ አይነካትም። እንደ እንግዳ ትከበር ነበር ማለት ነው፤ ብቻ እንግዳ የቤቱንም ወሬ ይጠይቃል፣ እሷ ግን አትጠይቅም።

ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ዘመተ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ሲታወጅ፣ አዋጁ በሬዲዮ ነው ተራራ የተሻገረው። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ርስት ሲከራከር የኖረ የጎንደር ገበሬ በአንድ ቀን የሰማውን አስቡት! ደስ ያለው አለ፤ የከፋው አለ። ለሁለቱም ግን «ተቀበል!» የሚሉት ሰው ሳጥኗ ውስጥ አልነበረም። የከፋው ጠመንጃውን፣ ደስ ያለው ዘፈኑን አነሣ።

ቴሌቪዥንም ከዚሁ ጋር ይነሣል። በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ስርጭቱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም ታየ። በፊልሙ መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስ፣ ውሾቹም ሥጋ ሲጎርሱ እንዲታይ ተደርጎ ተቀጥሏል። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር፤ ሁለቱን የቀጠለው መቀስ ግን የማን ነበር ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ያ መቀስ በኋላ በሌሎች እጅ ገብቶ ስንቱን ቆረጠ!

ቴሌቪዥን ጎንደር ሲደርስ ባለቴሌቪዥን ቤት የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) በልጆች ፕሮግራም ብቅ ብለው ሲሰላመቱ፣ እናቴ እንደምትነግረኝ፣ ወለል ላይ የተኮለኮለው ሕፃን ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ እየነሣ ይመልስላቸው ነበር። ትልልቁ ሰው ይስቃል። እኔ ግን ልጆቹን የዳባቱ ውሻ ወገን አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ። ለተናገረ ሰው መልስ ይገባዋል ብለው ነዋ!

አሁን ወደ ካሴቱ ልምጣ። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነበር። ሆኖም ሸክላም ያወጣ ሰው ይናገራል፤ የገዛ ያዳምጣል። ካሴት ግን ከዚህ ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፦ ቀዩ ቁልፍ። ቀዩን ከማጫወቻው ጋር አጣምሮ የተጫነ ማንም ሰው ድምፁን ያስቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናው «ተቀበል» ተባለና ተቀበለ። የአዝማሪ ጨዋታ፣ ሠርግ፣ ቅኔ፣ የናፍቆት ደብዳቤ ሳይቀር በካሴት ሄደ። ከአምቦበርና ከወለቃ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ጋር ድምፅ በካሴት ይመላለስ ነበር። በዚያችው አምቦበር አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ሸለመይ እ.ኤ.አ. በ1973 የጸሎት ዜማቸውን በቴፕ ቀድታለች። ምእመኑ ከአካባቢው ለቅቆ ከሄደ በኋላ ዜማው እዚያው ሲዜም የነበረበት ድምፅ ከቀረባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ቴፕ ነው።

ሬዲዮ ገዥው አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። የጎንደር እናቶች በቀይ ሽብር ዘመን ያወጡት ሙሾ በወቅቱ ሬዲዮ አልተላለፈም፤ ጮክ ተብሎ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። ሴት አያቴ፣ እኛ «እምዬ» የምንላት፣ ለልጇ ያወጣችውን ግጥም በሆዷ ይዛ ኖረች። ደርግ ከወደቀ በኋላ አክስቴ አንድ ቀን ቴፕ አስቀምጣ፣ «እምዬ፣ እስቲ በይው» አለቻት። ቡና እየተቆላ፣ ድመቷ ምድጃው ዳር ተጠቅልላ ሳለች፣ እምዬ አንድ ገጽ ሙሉ አለችው። አክስቴም ማንም እንዳይቀዳበት የካሴቱን ጥርስ ሰበረችው።

ከዓመታት በኋላ፣ እምዬ ካረፈች ወዲህ ማለት ነው፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ ከሬዲዮ አንድ ዘፈን ልቀዳ ፈለግሁ። ባዶ ካሴት አልነበረም። የተሰበረውን ጥርስ ቦታ ወረቀት ጠቅጥቄ ደፈንሁትና ቀዩን ተጫንሁ። ዘፈኑ እስከ መጨረሻው እንኳ አልተቀዳም፤ መብራት ጠፋ።

አክስቴ አልመታችኝም። ካሴቱን አጫወተች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የእምዬ ድምፅ ከመካከል ጀመረ። «ይህችም ትበቃናለች» ብላ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችው። ካሴቱ አሁንም አለ፤ ማጫወቻ ነው የጠፋው።

ይህን የምጽፈው ለኑዛዜ ብቻ አይደለም። ዛሬ ቀዩ ቁልፍ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ፣ በስልካችን ላይ አለ። ከእኛ በፊት የነበረ ተማሪ ለአንድ ባዶ ካሴት ሳንቲም ያጠራቅም ነበር፤ እኛ ከሰው የተላከልንን ስናዳምጥ እናድራለን፤ ከቤታችን የሚነገረውን ግን ማን ቀዳው? ለዕረፍት ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጭልጋ የምንወጣ ጓደኞቼ ሆይ፤ እናት አባቶቻችን ዘንድ ቁጭ ብለን፣ አስፈቅደን፣ እንቅዳቸው። ዘፈንም ይሁን፣ ሙሾም ይሁን፣ ስለ ውሻም ይሁን። ስሙንና ቀኑን እንጻፍበት፤ በሁለት ቦታም እናስቀምጠው። እኔ ከአክስቴ ጀምሬአለሁ። ስልኩን ፊቷ ሳስቀምጠው ሣቀችና፣ «እንግዲህ ይሄንንም ዘፈን ቅዳበት አሉህ!» አለችኝ።