ተንቀሳቃሽ ዒላማን በብርሃን መከታተል፦ ከስምጥ ሸለቆ እስከ ሌዘር ፊውዥን

የሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ፣ እንደ መላ ከተማዋ፣ የሰፈረው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ሲሆን፣ የሸለቆው ሁለት ዳርቻዎች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ በመሆናቸው ነዋሪው ጽኑ ነው የሚለው መሬት ለለኪ ባለሙያ ተንቀሳቃሽ ዒላማ ነው። ይህን ጉዞ በብርሃን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረውን ሥራ የመራው፣ በአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያገለገለውና ኋላም ወደ አሜሪካው ስሚትሶኒያን የሥነ ፈለክ ተቋም የተዛወረው የሥነ ምድር ሊቅ ፖል ሞር ነበር። መሣሪያው ጂኦዲሜትር ይባላል፤ ከአንድ ኮረብታ የተላከው ብርሃን በሌላው ኮረብታ ከተተከለ አንጸባራቂ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀው ጊዜ ወደ ርቀት ይቀየራል፤ ልኬቱ ከዓመታት በኋላ ሲደገምም የምድሩ ፈቀቅታ ይታወቃል።

የስሚትሶኒያኑ ተቋም በኢትዮጵያ ከዚያም የፈጠነ ዒላማ ሲከታተል ቆይቶ ነበር። ስፑትኒክ በ1957 ከመጠቀ በኋላ በዓለም ዙሪያ ካቋቋማቸው የሳተላይት መከታተያ ጣቢያዎች አንዱ በ1960ዎቹ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ሥራ ጀምሮ ነበር። በነዳፊዎቹ ስም ቤከር-ነን የተባለው ግዙፍ ካሜራ አስቀድሞ በተሰላ መንገድ ከሳተላይቱ ጋር ስለሚዞር፣ በፊልሙ ላይ ሳተላይቱ ነጥብ፣ ከዋክብቱ ደግሞ ጭረት ሆነው ይወጣሉ፤ የሳተላይቱ ቦታም ከከዋክብቱ አንጻር ይሰላል። ስለ ጣቢያው ሲወራ መነጽሩ ቢወደስም፣ የበለጠ ምስጋና የሚገባው ሰዓቱ ነው፤ ዝቅ ባለ ምህዋር የሚዞር ሳተላይት በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የአንድ ሺህኛ ሰከንድ መዛነፍ የ7.5 ሜትር ስህተት ያስከትላል።

ይኸው የጊዜ ጥያቄ በሌዘር ፊውዥን፣ ማለትም ቀላል አተሞችን በሌዘር ግፊት አዋህዶ ኃይል በማመንጨት ጥረት፣ እጅግ ጠቦ ይመለሳል። በታኅሣሥ 2022 በካሊፎርኒያው ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ 2.05 ሜጋጁል የሌዘር ኃይል 3.15 ሜጋጁል ሲያስገኝ ዒላማው ቆሞ ነበር። የኃይል ማመንጫ ግን በሰከንድ 10 ያህል የነዳጅ እንክብሎች ሊያስፈልጉት ስለሚችሉ፣ በሰከንድ እስከ 100 ሜትር የሚወነጨፈውን እያንዳንዱን ከ20 ማይክሮን በማይበልጥ ስህተት መምታት ይጠበቅበታል፤ እንክብሉ ይህን ርቀት የሚያልፈው በ0.2 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ያመለጠ ሳተላይት ዳግም ያልፍ ነበር፤ እንክብሉ ግን ሁለተኛ ዕድል ስለማይሰጥ፣ ተመራማሪዎች ከዋናው ምት ጥቂት አስቀድሞ ደካማ ብርሃን ልከው ከራሱ ከእንክብሉ በሚመለሰው ነጸብራቅ የሌዘሩን መስታወቶች የማቃናት ዘዴ ቀይሰዋል።